ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ ደብዳቤ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ቁጥር የደብዳቤ ሳጥናቸውን ከፈቱና ጮኹ። ጩኸታቸው ቅባት እስከሚፈላበት ክፍል ድረስ ተሰማ። ሠራተኞቹ ሮጠው ሲደርሱ ወለሉ ላይ ዘፍ ብለው በሁለት እጃቸው ወረቀት ጨብጠው አገኟቸው።

ሳጥኑ አልተሰበረም። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነበር። ክብደቱም የወትሮው ክብደት ነው። ውስጡ ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የደንበኞች ደብዳቤና የመመዝገቢያው ደብተር የሉም። በቦታቸው እስከ አፉ የተጠቀጠቀው የፋብሪካው የራሱ በራሪ ወረቀት ነው። በእያንዳንዱ ላይ በደማቅ ቀይ «ሰባት ቀን ብቻ! ጉልበትዎ ይድናል!» የሚል ተጽፏል።

ኢንስፔክተሩ የፋብሪካውን ደረጃ ሲወጣ ቀኝ ጉልበቱ ሲጥ አለ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሌቦች ጋር ሠላሳ ዓመት፣ ከጉልበቱ ጋር አራት ዓመት ሲታገል ኖሯል፤ በሌቦቹ በኩል ይሻለዋል። ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም እንጂ እሱም ይህንኑ ቅባት ገዝቶ ጠዋት ማታ እየተቀባ ነው። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው።

«ሳጥኑ አለ፣ የጠፋው ወረቀት ነው» አለ ዙሪያውን እየቃኘ። «ለወረቀት ነው ፖሊስ የጠራችሁት?»

«ወረቀት አይበሉት» አለች ባለፋብሪካዋ። ፋብሪካውን ከአባቷ የወረሰች፣ እንቅልፍ ያጣች የምትመስል ሴት ናት። «ሰኞ ጠዋት አዲሱ ማስታወቂያችን በሬዲዮ ይጀምራል። በቅባታችን የዳኑ ሰዎች ደብዳቤ እየተነበበ። ጣቢያው ደግሞ ዋናውን ደብዳቤ ከነፊርማው ካላየሁ አላስተላልፍም ብሎናል። አርባ ሠራተኛ አለኝ ኢንስፔክተር። ይህ ማስታወቂያ ካልወጣ እስከ ክረምት አንዘልቅም።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«ባላንጣዬ ነዋ! የጠርሙሴን ክዳን ቀለም ሳይቀር የሰረቀኝ ሰው ደብዳቤዬን ይተውልኛል?»

ከጎኗ አንድ ቀጭን ወጣት ቆሟል። የማስታወቂያ ጸሐፊው ነው። ፋብሪካው በሙሉ አፈ ማር ይለዋል፤ ዛሬ ግን ማሩ ደርቆበት ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከሁላችንም የተጎዳው እሱ ነው» አለች ባለፋብሪካዋ። «የሁለት ወር ሥራው ነው ገደል የገባው።»

ግድግዳው ላይ የሰኞው የሬዲዮ ጽሑፍ ተለጥፏል። ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አጥልቆ ተጠጋ። በቃላቱ መካከል እዚህም እዚያም ቀጫጭን የእርሳስ ጭረቶች አሉ።

«ይሄን ደግሞ ማነው የሞነጫጨረው?»

«እኔ ነኝ። መተንፈሻ ነው» አለ አፈ ማር ቀስ ብሎ። «የምጽፈውን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ትንፋሽ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አለበለዚያ አንባቢው መሐል ላይ ይታነቃል።»

«ይሄንን ለአለቃዬ ብታስተምርልኝ! ንግግር ሲጀምር እሱም አይተነፍስ፣ እኛም አንተነፍስ።»

ሁሉም ሳቁ። አፈ ማር ብቻ አልሳቀም።

ቀጥሎ እትዬ ቁጥርን ለብቻቸው አነጋገራቸው። ይህ ስም የወጣላቸው ሁሉን ነገር ቁጥር ስለሚሰጡ ነው፤ ጃንጥላቸው እንኳን ቁጥር አለው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሕዝብ የሚመጣውን ደብዳቤ እያንዳንዱን ቁጥር ሰጥተው፣ መዝግበው፣ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ከአንገታቸው ላይ መዘው አሳዩት። «አንድ ነው። ስታጠብም አላወልቀውም። ግን ጠዋት ለመክፈት ነው የማስፈልገው። ቀን ክፍት ነው የሚውለው፤ ማታ ክዳኑን ዝቅ አድርጌ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው።»

«ትናንት ሲቆልፉ ውስጡን አይተዋል?»

እትዬ ቁጥር አንገታቸውን ደፉ። «ሁልጊዜ ቆጥሬ ነው የምቆልፈው። ትናንት ግን በዚህ ማስታወቂያ ነገር ተናድጄ ነበር። ሳላይ ጠቅ አደረግኩት። የመጨረሻዋ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ፣ ትናንት ረፋዱ ላይ ነው የደረሰችው። ቁጥር ሰጥቼ ሳላነባት ቀረሁ። እሷ ናት አንጀቴን የምትበላው።»

«ማክሰኞ ዕለት እነዚህን ደብዳቤዎች ባቃጥላቸው ይሻላል ብለዋል ይባላል።»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ!» ቀና አሉ። «ቁጥር ሰማንያ ሰባት፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ፣ ምን ብለው ነው የጻፉት መሰለህ? በሰባተኛው ቀን ተነስቼ ሄድኩ፤ በስምንተኛው ግን ከአልጋ መውረድ አቃተኝ፣ ይላሉ። ለሬዲዮ የተመረጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሰውዬው አልዋሹም። እኛ ነን ከእውነታቸው ላይ ቆርጠን ውሸት የሰፋነው።»

«ማነው የቆረጠው?»

«እመቤቲቱ አዘዘች፣ አፈ ማር ቆረጠ። ምስኪን፣ እሱም እንጀራው ነው።»

ኢንስፔክተሩ በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን ዳበሰ። ስምንተኛው ቀን የሚለው ነገር አላማረውም።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ረቡዕ ዕለት የወጣውን ሁሉ በቃሉ ያውቃል። «ሹፌሩ ስልሳ ካርቶን ቅባት ይዞ ወጣ። አፈ ማር ሁለት እስር በራሪ ወረቀት፣ የየቀኑ ነው፣ ለሱቆች የሚያድለው። እትዬ ቁጥር ጃንጥላና ምሳ ዕቃ። ምሳ ዕቃውን ከፍቼ አይቻለሁ።»

«ምን ነበረበት?»

«ምንም። አንድ ቀን እንኳ አስተርፈውልኝ አያውቁም።» ከዚያ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «ነገር ማዋሰድ አይሁንብኝ እንጂ... የሹፌራችን መኪና ሰሞኑን ከባላንጣው በር አይጠፋም።»

ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ከባላንጣው ፋብሪካ ፊት ለፊት ቆሞ ጠበቀ። እውነትም መኪናው ከተፍ አለች። ሹፌሩ ፀጉሩን በመስታወት አስተካክሎ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ ወረደ። ኢንስፔክተሩ ከኋላው ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ብድግ ብሎ ዘለለ።

«ምንድነው የያዝከው?»

«የግሌ ነው ጌታዬ!»

«ፍታው።»

ጋዜጣው ሲፈታ አንዲት የሽቶ ጠርሙስ ወጣች። ሹፌሩ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። የባላንጣው ፋብሪካ ስልክ ተቀባይ ዘንድ ነው የሚመላለሰው። ልጅቷም ተጠርታ፣ ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንዴት አብረው እንደዋሉ ከበቂ በላይ አድርጋ አስረዳች።

«እኔ ደግሞ ቅባት ይዘህላት የመጣህ መስሎኝ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ ሲሰነባበቱ።

«ቅባት ምን ያደርግላታል ጌታዬ? ጉልበቷ ደህና ነው።»

ኢንስፔክተሩ እያነከሰ ሄደ።

መዝገቡ ስለተሰረቀ የደብዳቤ ጸሐፊዎቹን አድራሻ የያዘ ወረቀት የለም። የእትዬ ቁጥር ጭንቅላት ግን አለ። ከዚያ ውስጥ ቁጥር ሰማንያ ሰባት ወጣና ኢንስፔክተሩ ከሰዓት በኋላ የጡረተኛውን ልብስ ሰፊ በር አንኳኳ። ሽማግሌው ከስፌት መኪናቸው ተነስተው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ከፈቱለት።

«አባባ፣ ስለዚያ ደብዳቤ ሰው መጥቶ አናግሮዎታል?»

«አናግሮኝስ አያውቅም። መልሱን ግን ዛሬ ጠዋት በበሬ ሥር አገኘሁት።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «የምን መልስ?»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ፊርማም ቁጥርም የለውም።

«ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ። ቅባቱ ያሞቃል፤ ለጥቂት ሰዓትም ሕመም ያስታግሳል። ከዚያ ያለፈ ነገር አያደርግም። ሰባት ቀን የተባለውን ማንም ሰው ሞክሮ አላረጋገጠውም። የተዉትን ሐኪም እባክዎ ዛሬውኑ ይመለሱበት። በእኛ ቃል አምነው ለቆዩበት ቀን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አንጀቴን አራሰኝ» አሉ ሽማግሌው። «በዚህ ዕድሜዬ ዕቃ የሸጠልኝ ሰው ይቅርታ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ለሰኞ ቀጠሮ አስይዣለሁ። ልጄ፣ ይሄን የጻፈውን ሰው ስታገኘው አትቆጣው እሺ?»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን በአደራ ተቀብሎ ወጣ። ደብዳቤ መላሽ በዚያ ፋብሪካ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መሰለው፤ ያለቀ ስለመሰለውም ከፋው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ ሳይጥሉ የኖሩ ሴትን ሌባ ብሎ መጥራት ለአፉ አልጣመውም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ቁጥር ወረቀቱን ከፊት ከኋላ አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የኔ ጽሑፍ አይደለም። እኔ ያለ ቁጥር አልጽፍም፤ ያለ ፊርማም አልልክም። ምን ይላል? መነጽሬን ረስቻለሁ፣ እስቲ አንብብልኝ።»

ኢንስፔክተሩ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትንፋሹ አለቀ። ቆም ብሎ ሳበ። ሦስተኛው ላይም እንደዚያው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ትንፋሹ ባለቀበት በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ደብዘዝ ያለች የእርሳስ ጭረት አለች። ትናንት የወረቀቱ እጥፋት መስላው አልፏት ነበር።

እትዬ ቁጥር እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይህን የጻፈው ማንም ይሁን ማን፣ ግንባሩን ስሜለት ብሞት አይቆጨኝም።»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እትዬ» አለ፣ «ረቡዕ ማታ ከዚህ ግቢ ሁለት እስር በራሪ ወረቀት ወጥቷል፤ ዘበኛው አይቷል። የወጣው በራሪ ወረቀቱ ከሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያገኙት ምንድነው?»

እትዬ ቁጥር ዓይናቸውን ወደ አፈ ማር ባዶ ወንበር አዞሩ።

አፈ ማር የሚኖረው ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ኢንስፔክተሩ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ሲጥ ሲጥ እያለ ወጥቶ ሳያንኳኳ በሩ ተከፈተለት።

«ጉልበትዎን ሰማሁት» አለ አፈ ማር። አልሸሸም፤ አልካደም። ፀጉሩ ተንጨፍሯል፣ ጣቶቹ ቀለም ጠጥተዋል። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤዎቹ ከነመዝገቡ በሥርዓት ተደርድረዋል። አንድም አልተቀደደም።

«ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ እየተቀመጠ። «የራሱን ሥራ ሰርቆ ፖሊስ ሲመጣ አብሮ የሚቆም ሌባ ግን አላጋጠመኝም። ማንም ያልጠረጠረህ በዚህ ነው። ማስታወቂያው ባይወጣ የምትጎዳው አንተ ነህ።»

«እንዳይወጣ ነው የወሰድኩት።»

«ሰባት ቀን የምትለዋን ማን አመጣት?»

«እኔ።»

«ለምን ሰባት?»

«ለአፍ ስለምትመች» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሌላ ምክንያት የለውም ኢንስፔክተር። ስድስት ስትል አጭር ናት፣ አሥር ስትል ሩቅ ናት። ሰባት ቀን ብቻ ስትል ግን በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች። እመቤቲቱ ሰምታ አጨበጨበችልኝ። ማንም አልሞከረውም፤ ማንም አልጠየቀም። ሁለት ወር በሬዲዮ ተነገረ። ከዚያ ስለ ሰባት ቀኑ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። አርባ ሦስት ሰዎች በኛ ቃል ሐኪማቸውን ትተዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ቁጥር ብቻ ነበሩ። መቁረጥ ነበር ሥራዬ፤ ጥሩ ጥሩውን አስቀርቼ ሌላውን መጣል።»

«ታዲያ ረቡዕ ዕለት ምን ሆንክ?»

አፈ ማር ከሸሚዝ ኪሱ አንድ ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠው። ጥጉ ላይ በእትዬ ቁጥር እጅ 312 የሚል ተጽፏል።

«ለቅባት ፋብሪካው» ይላል ደብዳቤው። «ሐኪም ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሊያደርገኝ ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነበር። ከዘገየሽ እግርሽ መታጠፉን ይተዋል ብሎኛል። ሰባት ቀን ብቻ የሚለውን ስሰማ ግን ቀጠሮዬን ሰረዝኩ። ጎረቤቶቼ ማስታወቂያ አይታመንም ይሉኛል። እኔ ግን የጻፈውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ልጄ ነው። ልጄ ዋሽቶኝ አያውቅም። ይኸው ሃያ ቀን ሆነኝ፣ ገና አልዳንኩም። ጥፋቱ የኔ የአቀባቤ ይሆናልና እንዴት እንደሚቀባ ጻፉልኝ። ለእሱ ግን አትንገሩብኝ። ስድን በእግሬ ሥራ ቦታው ድረስ መጥቼ ላስደንቀው ነው።»

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በሠላሳ ዓመት ሥራው ደም አይቷል፤ ሬሳ አይቷል። «ጥፋቱ የኔ የአቀባቤ ይሆናል» የምትለዋን ቃል ግን መነጽሩን መልሶ አጥልቆ ደግሞ አነበባት።

«እሁድ እሁድ እናቴ ጋ እሄዳለሁ» አለ አፈ ማር። «ቁጭ ብላ ነው የምትቀበለኝ። ቀጠሮው ተራዘመ ብላኝ አመንኳት። ረቡዕ ይህን እንዳነበብኩ እመቤቲቱ ዘንድ ሮጥኩ። ማስታወቂያው ይቅር አልኳት። አርባ ሠራተኛ ፊት ቁምና አንተው ንገራቸው አለችኝ። አልቻልኩም። ፈሪ ነኝ። እትዬ ቁጥር ምሳ ሲበሉ በራሪውን ሳጥኑ ውስጥ፣ ደብዳቤውን በራሪው መጠቅለያ ውስጥ አድርጌ ክዳኑን ገርበብ አደረግኩት። ከዚያ ሐኪማቸውን ለተዉት ሁሉ መልስ ጽፌ በየበራቸው አዳረስኩ።»

«ለአርባ ሦስቱም?»

«ለአርባ ሁለቱ።»

ሁለቱም ደብዳቤዋን አዩዋት።

«ስማ ልጄ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ይህ የፋብሪካው ንብረት ነው፤ አሁኑኑ ከኔ ጋር ይሄዳል። አንተም ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያ ትገኛለህ። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ። አስቀድሞ ግን አንድ የቀረ መልስ አለ።»

ከጫማ ጠጋኙ ስልክ ለባለፋብሪካዋ ደወለ።

«ተገኘ?» አለች።

«ሁሉም ተገኝቷል። የወሰደው አፈ ማር ነው፤ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ይቀርባል። በማስታወቂያው አምነው ሐኪማቸውን የተዉት አርባ ሦስት ናቸው። ያውቁ ነበር?»

«አባቴ ጠርሙሱ ላይ ያስጻፈው 'ያሞቃል' የሚል ብቻ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። «እሱ ያነሰኝ እኔ ነኝ። ረቡዕ አፈ ማር ይቅር ሲለኝ የፈራ መስሎኝ ነበር። ሰኞ እኔም ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ቃሌን እሰጣለሁ። የሬዲዮውን አሁን ደውዬ አስቆመዋለሁ። ለአርባው ሠራተኛ ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም።»

የአፈ ማር እናት በራቸው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እግራቸው በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። መስኮቱ ላይ ሦስት ባዶ የቅባት ጠርሙስ ታጥቦ ተደርድሯል።

«ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ?» አሉ በደስታ። «ምነው በደህናህ ነው?»

አፈ ማር ከኪሱ ወረቀት አወጣ። መንገድ ላይ ሊጽፍ ሞክሮ ሰርዞ ደልዞ ያበላሸው ነው። ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደበት። «ያለ ወረቀት» አለው።

ልጁ ከእናቱ እግር ሥር ተንበረከከና ተናገረ። ያ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ቃል እያጠረው፣ ያለ ቦታው እየቆመ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ተናገረ። ደብዳቤያቸውን እንዳነበበ፣ ሰባት ቀን የምትለውን ከአፉ እንዳመጣት፣ ለአፍ ስለምትመች ብቻ እንዳመጣት፣ ቅባቱ አጥንት እንደማያድን፣ የአቀባብ ጥፋት እንደሌለባቸው ነገራቸው።

እናቱ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ማታ ማታ እያመመኝ ስቀባው» አሉ ቀስ ብለው፣ «የልጄ ሥራ ነው እያልኩ ነበር የምቀባው።»

አፈ ማር ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ኢንስፔክተሩ ሊተዋቸው ከተቀመጠበት ሲነሳ ጉልበቱ ሲጥ አለ። ሴትየዋ ዞር ብለው አዩት።

«አንተም ተቀባህ?»

«ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ ነው እማማ።»

«ታዲያስ?»

«ሰምተውታል።»

ሳቅ አመለጣቸው። ከሳቁ ኋላ እንባቸውም መጣ። እጃቸው ሳይታወቃቸው የልጃቸውን ፀጉር መዳበስ ጀመረ።

«ነገ ጠዋት መጥተህ ትወስደኛለህ። ሆስፒታሉ እሁድም ክፍት ነው፤ ወረፋ እንይዛለን። እስቲ አሁን ያቺን ደብዳቤዬን ስጡኝ። እርሳስም።»

ኢንስፔክተሩ ሰጣቸው። ሊቀድዷት ነው ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው መስመሩን ፈለጉ። «ልጄ ዋሽቶኝ አያውቅም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በአንድ መስመር ሰረዙት። ከላዩ በደቃቅ ፊደል አዲስ ጻፉ፤ ከዚያ ለልጃቸው ሰጡት።

«ማስታወቂያ ካማራችሁ ይሄን በሬዲዮ አንብቡ» አሉ። «ሳትቆርጡ።»

አፈ ማር እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ጮክ ብሎ ጀመረ። «ልጄ ዋሽቶኝ ነበር። ራሱ መጥቶ...» ድምፁ ተያዘ። ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ ተያዘ።

እናቱ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው ቦታውን በጣታቸው ነኩለት።

«ቀስ በል» አሉት። «እዚህ ጋ ተንፍስ።»